ሞቃቱ ማሠራጫና ቀዝቃዛው ማሠራጫ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የለበስኩት ሸሚዝ እጅጌው አጭር ነበር። አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ጨርሼ በረዳት ቴክኒሻንነት ደብረ ብርሃን ስመደብ፣ ብርድ እንዳለ ሰዎች ነግረውኛል፤ እኔ ግን ሰው ማጋነን ይወዳል ብዬ ተውኩት። የቅርንጫፉ ኃላፊ ጓድ ፍስሐ በላንድሮቨር ጭነውኝ በጣርማ በር መንገድ ከወሰዱኝ በኋላ አንድ ኮረብታ ግርጌ አወረዱኝ። «ከዚህ በላይ በእግር ነው» ብለው አንድ ቁልፍና አንድ ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍ ሰጡኝና ተመለሱ። ሽቅብ ስወጣ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

አናቱ ላይ አንዲት የድንጋይ ቤት፣ ከጎኗ የጄኔሬተር መጠለያ፣ ከኋላዋ በሽቦ የተወጠረ ረጅም ምሰሶ ቆመዋል። የጣቢያዋ ሥራ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የቴሌቪዥን ሞገድ ትቀበላለች፣ ታጠነክራለች፣ ከዚያም ተራራ ለሚጋርዳቸው ለአንኮበርና ለአካባቢው ታስተላልፋለች። በሩ ላይ አሮጌ ጠመንጃ የያዙ አንድ ሰው ቆመው ጠበቁኝ። ጋሽ ጥላዬ ይባላሉ። የመዘዞ ሰው ናቸው፤ የጣቢያው ጥበቃ። ከእኔ በፊት የነበሩት ቴክኒሻኖች የመንግሥት ንብረት ነው፣ ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ነው ብለዋቸው ኖሮ፣ ሁለት ክረምት ያንን ውርጭ ደጅ ቆመው ነው ያሳለፉት።

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እሳቸውን ማስገባት ነው። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ብቻዬን ስለፈራሁ ነው።

በዚያን ጊዜ የነበረው ማሠራጫ የቁም ሳጥን ያክላል። ሆዱ ውስጥ ቫልቮች ነበሩት፤ እንደ አምፖል ቀልተው የሚበሩ የብርጭቆ ዕቃዎች ናቸው። ሲነሳ ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ ይሰማል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ቤቱን ያሞቀዋል። በዚያ ሁሉ ተረተር ላይ ከእኛ ቤት የሚሞቅ ቤት አልነበረም። ጋሽ ጥላዬ የረጠበ ካልሲዬን ተቀብለው የማሽኑ ጀርባ ላይ ሲያሰጡት፣ መመሪያው መጽሐፍ ይህን ይከለክል እንደሆነ ለማየት ገለጥኩ። ስለ ካልሲ የተጻፈ ነገር አልነበረውም።

ማስተማር እወዳለሁ፤ ሚስቴ ይህንን ደዌ ትለዋለች። እዚያ ኮረብታ ላይ ከጋሽ ጥላዬ በቀር ተማሪ ስላልነበረ ያወቅኩትን ሁሉ እሳቸው ላይ አራገፍኩ። መጀመሪያ ጄኔሬተሩን አስነሱ፣ ቀጥሎ የማሞቂያውን ማብሪያ ወደ ላይ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ መጠበቅ፣ በመጨረሻ ዋናው ማብሪያ። ሰዓት ስላልነበራቸው አሥሩን ደቂቃ የሚለኩት በአቡነ ዘበሰማያት ነበር። ስንት ጊዜ እንደሚደግሙት አብረን ቆጠርንና ወሰንን። በወር ሪፖርቴ ላይ ግን «አሥር ደቂቃ» ብዬ ነው የምጽፈው፤ ዘመኑ ጸሎት በሪፖርት የሚገባበት አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነገርኳቸው። መዳፋቸውን የማሽኑ ጎን ላይ አስቀምጬ፣ «ጋሽ ጥላዬ፣ ይህ ጎን ከሞቀ ማሽኑ ደህና ነው። ጎኑ ከቀዘቀዘ ሞቷል ማለት ነው» አልኳቸው። ለቫልቭ ማሽን እውነት ነው። ደግሞ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ስላልነበረ ምስሉ መተላለፉን የሚያዩበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ቴሌቪዥን የሚጠብቁት ሰው ቴሌቪዥን አይተው አያውቁም።

አራት ዓመት በዚህ ሁኔታ ሠራን። እኔ ወደ ቴክኒሻንነት አደግሁ፤ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራየሁ፤ የከተማውን አንቴናዎች፣ አልፎ አልፎም ደነባ ድረስ እየሄድኩ መሥሪያ ቤቱ ለቀበሌዎች ያደላቸውን ቴሌቪዥኖች መጠገን ጀመርኩ። ኮረብታውን በሳምንት አንድ ቀን እጎበኛለሁ። ማሠራጫውን በየምሽቱ የሚያስነሱትም የሚያጠፉትም ጋሽ ጥላዬ ናቸው። በመዝገብ ጥበቃ ናቸው፤ በተግባር ኦፕሬተር። ጓድ ፍስሐ ይህን ያውቃሉ፤ ግን ስላልጠየቁኝ አልነገርኳቸውም።

አገሩ ውስጥ ቀለም ቴሌቪዥን ከገባ ሁለት ሦስት ዓመት ቢያልፈውም የእኛ አሮጌ ማሽን ቀለሙን በመንገድ እየጣለ ለአንኮበር የሚያደርሰው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። በዚህ ከሁሉ በላይ የተቃጠሉት አቶ ሰይድ ናቸው። የአልዩ አምባ ነጋዴ ሲሆኑ አንኮበር ላይ ሻይ ቤት ከፍተው ከሁሉ ቀድመው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን አስገብተዋል። ባገኙኝ ቁጥር፣ ቀለሙን እዚያ ኮረብታ ላይ ማን እንደሚቀባበት ይጠይቁኛል። ጎጆዬን በቀይ ቀብቼው እንደሆነ መጥተው ለማየትም ዝተውብኛል።

በመጨረሻ አዲሱ ማሠራጫ መጣ። ትራንዚስተር ነው፤ ቫልቭ የለውም። አሮጌውን ለማውጣት ስምንት ሰው አስፈልጎን ነበር፤ አዲሱን ሁለት ሰው በቃሬዛ ይዞት ወጣ። ከእሱ ጋር የኤሌክትሪክ መስመርም ኮረብታው ላይ ደረሰና ጄኔሬተሩ ጡረታ ወጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መሐንዲስና እኔ ሳምንት ሙሉ እዚያው እያደርን ገጠምነው። በስድስተኛው ቀን አቶ ሰይድ ሰው ልከው፣ ምስሉ ላይ ሣሩ አረንጓዴ መሆኑን በአላህ ስም እየማሉ አረጋገጡልን። መሐንዲሱ ደስ ብሎት እጄን ጨበጠኝ። ጋሽ ጥላዬ ግን አዲሱን ማሽን እየዞሩ አዩት። አይበራም፣ አይጮኽም፣ አይሞቅም።

መሐንዲሱ ከመሄዱ በፊት ለጓድ ፍስሐ ያቀረበውን ሪፖርት አነበብኩት። ማሽኑ በሰዓቱ ራሱ ይነሳል፣ በሰዓቱ ራሱ ይጠፋል፤ ሰው አያስፈልገውም ይላል። ጓድ ፍስሐ ቢሯቸው ጠርተውኝ እንግዲህ በሩን ቆልፈን የጥበቃውን መደብ እንሰርዛለን አሉኝ። እኔ ተከራከርኩ። ምሰሶውን ነፋስ ይጥለዋል፣ ሽቦው ይሰረቃል፣ መብረቅ አለ እያልኩ ያለኝን ሁሉ ደረደርኩ። የጋሽ ጥላዬ መሬት ድንጋይ ነው፤ በጎቻቸውም ጥቂት ናቸው፤ አራት ልጆች የሚማሩት በዚያ ደሞዝ መሆኑን አውቃለሁ። ጓድ ፍስሐ ክፉ ሰው አልነበሩም። «አንድ ወር እንሞክረው» አሉ፤ «ከዚያ እንወስናለን።»

ወሩ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን አቶ ሰይድ ከአንኮበር ስልክ ደወሉ። ምስሉ ማታ ጠፍቶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ተመለሰ፤ እንደገና ጠፋ። በማግሥቱም እንዲሁ። እኚህ ሰው ጥሩ ተመልካች ስለነበሩ ሰዓቱን ለይተው ነገሩኝ። ኢሻ ሰግደው ሲመለሱ ምስሉ አለ፤ የሁለት ሰዓቱ ዜና ያልፋል፤ ከዚያ ደንበኛው የሁለተኛውን ብርጭቆ ሻይ ሳይጨርስ ድርግም ይላል።

በቀን ወጥቼ ፈተሽኩት። ቮልቴጁ ደህና ነው፣ ገመዱ ጠብቋል፣ አንቴናው አልተነቃነቀም። ጋሽ ጥላዬን ቁልፍ ነክተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በጊዮርጊስ ስም ምለው አንድም ቁልፍ አለመንካታቸውን ነገሩኝ። እንደዚያ ዓይነት ብልሽት፣ ስትፈልገው የሚደበቅ ስትሄድ የሚመጣ፣ በሙያችን ከሁሉ የከፋ ነው።

ምሽቱን አብሬ ልጠብቀው ብዬ በሌላ ቀን ወጣሁ። የለበስኩት ስስ ጃኬት ነበር፤ በአራት ዓመትም ብርዱን አልተማርኩም። ጋሽ ጥላዬ ገና ሲያዩኝ ዝተታቸውን አነሱ። ዝተት በእኛ አገር ከበግ ፀጉር የሚሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነው፤ የእሳቸውን ባለቤታቸው ፈትለው ነው ያሠሩላቸው፤ ክብደቱ ሰው ያጎብጣል። ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና በርጩማው ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው በጋቢያቸው ተጠቅልለው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ማሠራጫው እስከ ሥርጭቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆራረጠም። በሳምንቱ ደግሜ ወጣሁ፤ ዝተቱን ደርቤ ተቀመጥኩ፤ አሁንም ልክ እንደ ሰዓት ሠራ። በመካከሉ ባሉት ምሽቶች ግን አንኮበር ጨለማ ነበር።

ጓድ ፍስሐ ይህን ስነግራቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ስትኖር ይሠራል፤ አንተ ስትሄድ ይጠፋል» አሉኝ። «ለዚህ መሐንዲስ ያስፈልጋል? ሽማግሌው ማሽኑ እንጀራቸውን እንደሚወስድባቸው ገብቷቸዋል። ስለዚህ ያጠፉታል።»

አያደርጉትም አልኳቸው። እንግዲያው ማን ነው አሉኝ።

«ስማ አስራት፣ እስከ ሰኞ ጊዜ አለህ። ሰኞ ምክንያቱን ካላመጣህልኝ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ።»

ይህን የምታነቡ ወጣቶች ያ ሐረግ ምን ማለት እንደነበር ላታውቁ ትችላላችሁ። በዚያ ዘመን በመንግሥት ንብረት ላይ «አሻጥር» የሚል ቃል ከአንድ ሰው ስም አጠገብ አንዴ ከተጻፈ፣ ሰውየው ሥራውን ብቻ አጥቶ አይቀርም ነበር። የባሰው ግን ሌላ ነው። ከቢሮው ወጥቼ መንገዱን ሙሉ እያሰብኩ ስሄድ እኔም ጠረጠርኳቸው። አራት ልጅ ያለው ሰው ሲጨንቀው ምን ያደርጋል ብዬ ጠረጠርኳቸው። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

ቅዳሜ ከወታደር አጎቴ ካፖርት ተዋስኩ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ፣ አንገቱ ሱፍ የሆነ። አመሻሽ ላይ ኮረብታው አናት ስደርስ ጋሽ ጥላዬ እንደ ልማዳቸው ዝተቱን ይዘው ተነሱ። ዛሬ እንደማያስፈልገኝ ነገርኳቸውና ካፖርቱን አሳየኋቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። ጨርቁን ዳበሱ፤ መልሰው መላልሰው ይሞቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደሚሞቅ አረጋገጥኩላቸው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አለፈ። ውጪ ውርጩ መውረድ ጀመረ። ጋሽ ጥላዬ ተነስተው ወደ ማሠራጫው ሄዱ፤ መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዝተቱን ዘርግተው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች፣ የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹን ሳይቀር፣ ሕፃን እንደሚጠቀልል ሰው ሸፈኑት። ጠርዙንም ነፋስ እንዳይገባ ወሸቅ ወሸቅ አደረጉት።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ።

«ምን አደርጋለሁ፣ ያልከኝን ነዋ» አሉ። «ጎኑ ከቀዘቀዘ ሞቷል ማለት ነው አላልከኝም? ይኼ ደግሞ ከመጣ ጀምሮ ሞቆ አያውቅም። ውርጭ ሲወርድ አለብሰዋለሁ፤ ሲሞቅለት እገፍፈዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ አለብሰዋለሁ። እስካሁን በዚህ ነው ያቆየሁልህ።»

«እኔ ስመጣስ? እኔ ስኖር አልብሰውት አያውቁም።»

«አንተ ስትመጣ ለአንተ ነዋ። አንድ ዝተት ነው ያለኝ። ማሽን ይሙቀው ተብሎ እንግዳ ይበርደዋል?»

የሚሆነውን ልይ ብዬ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ በዝተቱ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ገለጥ አድርጌ ሳይ አረንጓዴው መብራት ጠፍቶ ቀዩ በርቷል። ማሽኑ ሲግል ራሱን ለማዳን የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያ አለው፤ የሠራው እሱ ነው። በዚያች ቅጽበት አንኮበር ላይ አቶ ሰይድ ምን እንደሚሉ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝና ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ እንባዬ መጣ። ጋሽ ጥላዬ ግን አልሳቁም።

«ገደልኩት?» አሉኝ።

እንዳልገደሉት ነገርኳቸው። ይህ ማሽን ከአሮጌው በተቃራኒ ብርድ የሚወድ፣ ሙቀት የሚጠላ መሆኑን አስረዳኋቸው። ዝተቱን አንስተን ጠበቅን፤ ቀዝቅዞ ተመለሰ። መብራቱን እያዩ ይህን ለአለቃው እጽፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። እጽፋለሁ አልኳቸው። ዝተቱን አጣጥፈው ጥግ ላይ አስቀመጡት።

እሑድን ሙሉ ያንን ሪፖርት ስጽፍና ስቀድ ዋልኩ። የላላ ገመድ አግኝቼ አጠበቅሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ቀላል ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ግን የላላ ገመድ እኔ ስወጣ ራሱን እያጠበቀ እኔ ስወርድ እንደማይላላ ጓድ ፍስሐ ያውቃሉ። ጥርጣሬው በጋሽ ጥላዬ ላይ እንዳለ ይቀራል። እውነቱን ብጽፍ ደግሞ የሽማግሌው እጅ በማሽኑ ላይ እንደነበረ በወረቀት አረጋግጬ መስጠቴ ነው። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ጻፍኩት። ጥበቃውን ያለ ፈቃድ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ ማሽኑን እንዲያስነሱ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጎኑ እንዳይቀዘቅዝ ያስጠነቀቅኳቸው እኔ ነኝ፤ አዲሱ ሲመጣ ያንን ትእዛዝ ያላነሳሁትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ፈረምኩበት።

ሰኞ ጓድ ፍስሐ ፊቴ አነበቡት። ዝተቱ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ አየሁ፤ አልቻሉም። የጎረቤት ቢሮ ጸሐፊዋ ደንግጣ በሩን ከፈተች። ከዚያ ግን ፊታቸውን መልሰው አኮሳተሩና ጥበቃ ማሽን እንዲያስነሳ ማን እንደፈቀደልኝ ጠየቁኝ። ማንም አልፈቀደልኝም አልኳቸው። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ተሰጠኝ፤ በዚያው ዓመት ይገባኝ የነበረው የከፍተኛ ቴክኒሻንነት እድገትም አንድ ዓመት ተራዘመ። ተገቢ ቅጣት ነው፤ ያኔም አልተከራከርኩም።

«ጋሽ ጥላዬስ?» አልኩ።

ሪፖርቱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«በውርጭ ተነስቶ የማሽን ጎን የሚዳብስ ሰው አባርሬ በር ልቆልፍ? አይሆንም» አሉ። «ዝተቱ ይውጣ፤ ሰውየው ይቆዩ።»

ላንድሮቨሩን ሳልጠብቅ በአውቶቡስ ጣርማ በር ድረስ ሄድኩና ኮረብታውን በሩጫ ወጣሁ ማለት ይቻላል። ስነግራቸው ጋሽ ጥላዬ፣ እንግዲህ አዲሱን ማሽን በሥርዓት አስተምረኝ አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ብልጥ ሆኜ ነበር። ከማስተማሬ በፊት ስለ አሮጌው ያስተማርኳቸውን ሁሉ እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። አንዲት ሳትቀር፣ በቅደም ተከተል፣ እኔ የረሳሁትን ጭምር ተናገሩ። እየጻፍኩ ሳይ ከግማሹ በላይ መጣል ያለበት ነው። አንዱን ስሰርዝ ይናደዱብኛል፤ አራት ዓመት ያስለፋኸውን ሰው በአንድ ቀን እርሳ ማለት ምን ዓይነት አስተማሪነት ነው ይሉኛል። ሳምንት ፈጀብን። ጎኑን ለመዳበስ የሚሄደው መዳፋቸው ለመተው ከአእምሯቸው ይልቅ ብዙ ቆየ።

ወሩ ሲሞላ አንኮበር ወስጃቸው አቶ ሰይድ ቤት ገባን። አቶ ሰይድ ታሪኩን ሰምተው ስለነበር ከፊት አስቀመጧቸው፤ ሻይም በራሳቸው እጅ ቀዱላቸው። ጋሽ ጥላዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌቪዥን አዩ። አረንጓዴውን ሣር፣ ቀዩን ባንዲራ፣ የዜና አንባቢዋን ሰማያዊ ልብስ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ፣ ይህ ሁሉ በእኔ ደጅ ነው የሚያልፈው? አሉ። አዎ አልናቸው። ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ በሥራ ዘመኔ በብዙ ጣቢያ አሮጌ ማሽን አውርጄ አዲስ ተክያለሁ። ከመፍታቴ በፊት እዚያ የኖረውን ሠራተኛ ለአሮጌው ምን ምን እንደሚያደርግለት እጠይቀዋለሁ፤ የሚለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ አዲሱ የማይፈልገውን እሱው ፊት አንድ በአንድ እሰርዛለሁ። ሰው አዲስ ማሽን ላይ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው ላይ በደንብ የተማረውን ሲሠራ ነው። ያስተማረው ሰው ካለ፣ መሰረዙም የዚያ ሰው ሥራ ነው።